አዲሶቹ መናንያን

ከአዲስ አበባ ግፊያና ከታክሲ ሰልፍ ተለይቶ፣ የቤት ኪራይን ጭንቀት ረስቶ፣ ወደ ገጠር ወርዶ ጤፍ እየዘሩና ላም እያለቡ መኖር በከተማ ወጣቶች ዘንድ እንደ ምናኔ በሚወደስበት በዚህ ዘመን፣ እንዲህ ያለውን ቅዱስ አሳብ መንቀፍ ድፍረት ነውና እኔ ማመስገንን መርጫለሁ። ለመናንያኑም ከታች ጋይንቷ ከአርብ ገበያ የተሻለ ገዳም ስለማላውቅ፣ ወደዚያው እንዲወርዱ በትሕትና እመክራለሁ።

የአገሩ ጎረምሳ ይህ ጸጋ ገና አልተገለጠለትም። ከወንድሞቹ ጋር የተካፈላትን ቁራሽ ማሳ አንድ በሬውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ ቢያርሳትም፣ አፈሯን ጎርፍ ወደ በሽሎ እያወረደበት፣ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ማጭዱን ይዞ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይነጉዳል። ምስኪን! ሰላምና ጸጥታ ከደጁ ሳለ የቀን ሠራተኛ ሊሆን ይሰደዳል።

የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ የሕዝብ ከሆነ ወዲህ አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ ይህ ግን መናኙን አያሳስበውም፤ ዓለምን የናቀ ሰው የይዞታ ደብተር ምን ያደርግለታል? በዚያው ዓመት በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወረዱት 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን የሄዱት በመንግሥት ትእዛዝ ነበርና መመለሻቸውን ቢናፍቁ አይፈረድባቸውም፤ የዛሬው መናኝ ግን መመለሻው በኪሱ ስላለ ከናፍቆት ነጻ ነው።

ደግሞ ጋይንት መናኝ አይቶ አያውቅም እንዳይባል፣ በቤተልሔም የድጓ ጉባኤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ከየደጁ ውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ የሚለምን የቆሎ ተማሪ ከጥንት ጀምሮ ነበረ። ይሁን እንጂ ረኀቡን የሚመሰክርለት ካሜራ አልያዘም፤ ቁንጫውንም ለወዳጆቹ አላሰራጨም፤ ስለዚህ ተጋድሎው ከአዲሶቹ መናንያን ተጋድሎ ጋር ሊነጻጸር አይገባውም።

አንድ ምክር ብቻ ልጨምር። መናኙ ዓለምን ጥሎ ሲወጣ፣ የተከራየውን ክፍል ቁልፍ ከስድስት ወር ኪራይ ጋር ለአርብ ገበያው ጎረምሳ ቢያስረክበው፣ ያም ከሑመራ ሐሩር ድኖ በአራዳ ሥራ ቢፈልግ፣ ለሁለቱም ነፍስ በጎ ይመስለኛል። ይህን ያማከርኋቸው ወጣቶች አሳቡን አመስግነው፣ ክፍሉ ግን ክረምቱ ሲገባ፣ ማለትም ገበሬው እርፍ ሲጨብጥ፣ ለራሳቸው እንደሚያስፈልጋቸው በጨዋነት አስረድተውኛል።