ባለ ስምንቱ ስድስት ሲሆን

የዘመኑ ላፕቶፕ ገዢ ምስጋና ቢስ ሆኗል። ሻጩ «ባለ 8 ራም ነው» ብሎ ምሎለታል፤ ካርቶኑ ላይ 8 ተጽፏል፤ ኪቦርዱ ሥር የተለጠፈችው ስቲከርም 8 ትላለች። ሦስት ምስክር ቆሞለት ሳለ ቤቱ ይገባና የማሽኑን መግለጫ ገጽ ከፍቶ እሪ ይላል። ምን አየ? የተገጠመ ራም 8.00 ጊጋባይት፤ አጠገቡ በቅንፍ፣ ጥቅም ላይ የሚውለው 5.92። ስምንቱ በግልጽ ተጽፎ እያለ ቅንፍ ውስጥ ያለን ነገር ማንበብ ምን የሚሉት ልክፍት ነው?

የጎደለችው 2 ጊጋባይት የትም አልሄደችም፤ እዚያው ናት። የራሱ ሚሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ ስላልተገጠመለት፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ድርሻውን ከገዢው ራም ላይ ቆርጦ ይወስዳል፤ ያውም ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት። ታዲያ ማስታወቂያው ዋሸ? በፍጹም! ግራፊክሱ አለ፣ ራሙም አለ። አንዱ ከሌላው አፍ እየነጠቀ እንደሚበላ ብቻ ነው ያልተነገረው። አንድን ዕቃ ሁለት ጊዜ መሸጥ ድሮ ማጭበርበር ይባል ነበር፤ ዛሬ ቴክኖሎጂ ሆኗል። ሰው እንዴት በዕድገት ይከፋል?

ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነለት ገዢማ ጭራሽ የተባረከ ነው። ይህ ዊንዶውስ ለተራ ተጠቃሚ ይሸጥ በነበረበት መልኩ ከ4 ጊጋባይት በላይ አያውቅም፤ ከዚያችውም ላይ ሌሎቹ የማሽኑ ክፍሎች አድራሻ ይሻሙበታል። ስለዚህ 8 ተገጥሞለት 3 ከምናምን ይቆጥራል። ሻጩን ቢጠይቁት «ራሙ አለ፣ ዊንዶውሱ ነው ያላየው» ይላል። እውነቱን ነው። ዊንዶውሱን የጫነው ራሱ መሆኑን ማንሳት ደግሞ ነገር ፍለጋ ነው።

የፍጥነቱ ነገር ከዚህም ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ኢንቴል ኮር አይ 5-8265ዩ የተባለ ፕሮሰሰር እንመልከት። ማስታወቂያው ላይ ደምቆ የሚታየው «እስከ 3.9 ጊጋኸርዝ» ነው፤ መነሻ ፍጥነቱ ግን 1.6 ነው። 3.9 የምትገኘው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ያውም ሥራው በአንድ ኮር ላይ ሲያርፍና ማሽኑ ሳይግል። ቀጭን ላፕቶፕ ደግሞ ሳይግል የሚቆየው ሥራ እስኪሰጠው ድረስ ነው። ቪዲዮ ማቀናበር ሲጀመር ፋኑ ያፏጫል፣ የታችኛው ሆዱ ጭን ይለበልባል፣ ቁጥሯም ቁልቁል ትወርዳለች። ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ሊወርድ ይችላል። ሲጠቃለል፣ ሥራ ሲበዛበት ግሎ ይዘገያል፣ ሥራ ሲፈታ ለቁጠባ ይዘገያል፤ በመሐል ግን 3.9 ነው። ይህችን መሐል ያላያት ገዢ ዐይኑን ይታከም።

በቁጥር የማይረካ ካለ ማዕረግ አለለት። «ኮር አይ ሰቨን ነው» ሲባል ማን ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቃል? እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ነበረው፤ በዓመቱ የተከተለው አይ 5-8250ዩ ግን አራት። ሰባት ከአምስት እንደሚበልጥ ግን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ ዋጋውም የሚጠራው በሕፃኑ ሒሳብ ነው።

ወደ ዲስኩ ስንመጣ ደግሞ ባለ 1 ቴራባይቱ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ይነበባል። ዲስክ ሠሪው አንድን ጊጋባይት በአንድ ቢሊዮን ባይት ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ በ1,073,741,824። ደስ የሚለው፣ እዚያው ካርቶን ላይ ራሙ በትልቁ ጊጋባይት፣ ዲስኩ በትንሹ ጊጋባይት ጎን ለጎን መጻፋቸው ነው። የጤፍ ነጋዴ 93 ኪሎ ሰፍሮ «ኩንታሉ ሙሉ ነው፤ ያንተ ሚዛን ነው በሌላ ኪሎ የሚቆጥረው» ቢል፣ የሰፈሩ እናቶች ጆንያውን አናቱ ላይ ይገለብጡበት ነበር። እኛ ግን የተማርን ስለሆንን አመስግነን ካርቶኑን ተሸክመን እንሄዳለን።

አሜሪካኖች ትዕግሥት ስለሌላቸው ፍርድ ቤት ሄዱ። ዲስክ ሠሪው ዌስተርን ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ2006 ክሱን በስምምነት ሲዘጋ ለገዢዎቹ ያቀረበው ካሳ ፋይል በመጠባበቂያ የሚቀዳ ነፃ ሶፍትዌር ነበር። ልብ በሉ፤ ቦታ ጎደለኝ ላለ ሰው የተሰጠው ቦታ የሚይዝ ነገር ነው! ሌላው ዲስክ ሠሪ ሲጌት እ.ኤ.አ. በ2007 ትንሽ ቸር ሆነና ከሶፍትዌሩ ሌላ ከዋጋው 5 በመቶ የመመለስ ምርጫ ጨመረ። ከሁሉም የበሰለው አፕል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ስኖው ሌፐርድ በተባለ ስርዓተ ክወና ኮምፒዩተሩ ራሱ እንደ ዲስክ ሠሪው እንዲቆጥር አደረገ። ዲስኩ ላይ አንዲት ባይት ሳትጨመር ቅሬታው ድራሹ ጠፋ።

አሁን ደግሞ «መነሻ ፍጥነቱና ጥቅም ላይ የሚውለው ራም ካርቶኑ ላይ እኩል በሆነ ፊደል ይጻፉ» የሚሉ ክፉዎች ተነሥተዋል። እግዚኦ! እንዲያ ከሆነማ ሰው የሚገዛውን ሳይከፍል በፊት ሊያውቅ ነው። ገበያ እንዴት ሊውል ነው?

እኔ ከሻጭ ጋር ጠብ የለኝም፤ ቋንቋውን ለምጃለሁ። ለሚቀጥለው ላፕቶፕ 60 ሺህ ብር ሲለኝ «እሺ፣ እስከ 60 ሺህ እከፍላለሁ» እለዋለሁ። መነሻ ክፍያዬ 25 ሺህ ነው። 60 ሺህ የምደርሰው ለአፍታ ነው፤ የኑሮው ግለት ከፍ ሲል ወደ መነሻዬ እመለሳለሁ። ከዚያም ላይ ጥቂቱ ለቤት አስቤዛ አስቀድሞ የተያዘ ነው። ሻጩ ሲቆጥር ከጎደለበት፣ ብሩ ላይ ምንም ችግር የለም፤ አቆጣጠሩን ያስተካክል።