ቤት ተከራይቶ ለመቸገር፣ አከራይቶም ለመክሰር

ምክር ቤቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅን ያጸደቀው በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው፤ ቁጥሩ 1320/2016 ይባላል። እሱን እያነበብክ ጊዜህን አታባክን፤ አንተ ፈተና አለብህ። አዋጁ በአጭሩ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይብለጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ነው የሚለው። ልብ ካለህ አምስቱንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ትጥሳቸዋለህ።

ቤት ፍለጋ የምትጀምረው ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ይሁን። ስድስት ኪሎ አካባቢ ወርደህ ያገኘኸውን ደላላ «ዛሬውኑ እፈልጋለሁ» በለው። ሻንጣህን ይዘህ ሂድ፤ ፍራሽህን ብትጨምርበት ደግሞ የበለጠ ነው። ፍራሽ ተሸክሞ በዋጋ የተከራከረ ሰው እስካሁን አልታየም።

እንበልና አንዲት ሰርቪስ ክፍል በ6,000 ብር ተገኘች። አከራይዋ ደግ ሴት ናቸው፣ ቡና ያፈላሉ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ለወረዳው 2,500 ብለን እንጻፈው። የቀረውን እኔና አንተ በእምነት እንጨርሰዋለን፤ ግብሩ እኮ አላስቀምጥ አለኝ» ይሉሃል። እዚህ ላይ ያለማመንታት እሺ በል። በነገራችን ላይ ሴትዮዋ ፈጥረው አላወሩም፤ የኪራይ ገቢ ግብር በከፍተኛው እርከን 35 በመቶ ይደርሳል፣ በጡረታ ገንዘብና በአንዲት ሰርቪስ ቤት ኪራይ ለሚኖር ሰው ደግሞ ወረዳ ሄዶ መመዝገብ ራስን አሳልፎ መስጠት ሆኖ ይታየዋል። ግን ይሄ የሳቸው ጉዳይ ነው፤ አንተ ፈርም።

የቀረውን 3,500 በየወሩ በሞባይል ባንኪንግ ስትልክ መተግበሪያው ምክንያቱን ይጠይቅሃል። «የቤት ኪራይ» ብለህ እንዳትጽፍ፣ እትዬ ይደነግጣሉ። «የብድር መመለሻ» በል። በስምንተኛው ወር ልቀቅ ተብለህ አቤት ለማለት ስትወጣ እጅህ ላይ ያለው ማስረጃ ምን ይላል? ውሉ ቤቱ የ2,500 ብር ነው ይላል። የባንክ ዝርዝሩ ደግሞ ለስምንት ወር ዕዳህን በትጋት ስትከፍል የቆየህ ታማኝ ተበዳሪ እንደሆንክ ይመሰክርልሃል።

የቅድሚያ ክፍያውም በዚሁ መንገድ ይለቅ። ስድስት ወር ሲጠይቁህ አዋጁ ከሁለት ወር በላይ እንደማይፈቅድ ብታውቅም አፍህን ያዝ፤ ቤተሰቦችህ በሬም ሸጠው ይሁን እቁብ ወስደው ይልኩልሃል። አራቱን ወር «ለቤቱ ማደሻ» ብላችሁ በቃል ተስማሙ። ማደሻው ያልታየ እንደሆነ ግድግዳውን በጋዜጣ ለጥፈው።

ብቻህን አትከራይ። አራት ሁኑ፣ ውሉን ግን በአንዳችሁ ስም ብቻ አድርጉት። ስሙ የሚጻፈው ሰው ምርጫ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚመረቀው ቢሆን ይመረጣል። እሱ ጋዋኑን ለብሶ፣ ፎቶ ተነስቶ ወደ አገሩ ሲሄድ ሦስታችሁ ማንም ያላከራያችሁ ሰዎች ሆናችሁ ትቀራላችሁ። አከራይዋ «እኔ የማውቀው እሱን ነው» ቢሉ ሐሰት የለበትም።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሁለት ዓመቱን ነገር ፍራው። «እኔ የምማረው አሥር ወር፣ ሁለት ዓመት ታስሬ ልቀር ነው?» እያልክ ከውል ሽሽ። የጊዜው ገደብ በዋነኛነት ተከራዩ በየወሩ «ውጣ» እንዳይባል የገባ መሆኑን፣ ተከራይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችልም የሚነግርህ ሰው ቢመጣ ጆሮህን ድፈን። እዚህ ላይ ግን ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልበል፦ አዋጁ ሲረቀቅ በሐሳብ የነበረው ተከራይ ባለትዳሩና ባለ ልጆቹ ይመስለኛል። መስከረም ገብቶ ሰኔ የሚወጣ ተማሪ በሁለት ዓመት ውል ውስጥ የት እንደሚቀመጥ በደንብ የታሰበበት አይመስልም። አከራዩም ይህ ገብቶታል፤ ለዚህ ነው «ተማሪ አላስገባም» የሚለው፣ ሲያስገባም ያለ ወረቀት የሚያስገባው።

አሁን ወደ እርስዎ፣ ወደ አከራዩ ልምጣ። ደረሰኝ የሚባል ነገር በግቢዎ አይታይ። አዋጁ የኪራይ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው ልክ ነው ይላል፤ እርስዎ ግን የራስዎ ተቆጣጣሪ አካል ይሁኑ። ሽንኩርት ሲወደድ ይጨምሩ፣ ዶላር ሲወጣ ይጨምሩ፣ የጎረቤትዎ ተከራይ አዲስ ፍሪጅ ሲያስገባም ይጨምሩ። ልጁ አቅም የለኝም ካለ «ልጄ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው፣ ቤቱ ይፈለጋል» ይበሉት። ይህ ልጅ በየዓመቱ ክረምት ላይ ሊመጣ ይነሳል፤ ቦሌ የደረሰበት ቀን ግን የለም። ተማሪው ሲወጣ ለአዲሱ የፈለጉትን ዋጋ ይጥሩለት፤ ያልተመዘገበ ቤት የቀድሞ ዋጋ የለውማ።

ምናልባት ግን የሕግ ተማሪ ይገጥምዎታል። ከበሩ ላይ በምን ይለዩታል? ቡናውን አመስግኖ ይጠጣል፣ 2,500 የሚለውን ወረቀት ሳያጉረመርም ይፈርማል። በሚቀጥለው ወር 2,500 ብር በባንክ ይልክና ምክንያቱ ላይ «የቤት ኪራይ፣ በውሉ መሠረት» ብሎ ይጽፋል። በወሩም እንደዚያው። እርስዎ ይጮኻሉ፣ እሱ ወረቀቱን ያሳያል። የቀረችው 3,500 ብር የት አለች ብለው ለመክሰስ መጀመሪያ ግብር ለመሸሽ የውሸት ውል መፈረምዎን ለዳኛው መናገር ይኖርብዎታል። ይህን ለማስቀረት መድኃኒቱ እውነተኛውን ዋጋ መጻፍ ነበር፤ እኛ ግን እዚህ የተቀመጥነው ስለ መድኃኒት ልናወራ አይደለም።

30 ቀኑን ሁለታችሁም በእርጋታ አሳልፉት። ወደ ወረዳ በ29ኛው ቀን ሂዱና «ሲስተም የለም» ሲሏችሁ ደስ ብሏችሁ ተመለሱ። በማግሥቱ አትሂዱ።

አንባቢ ሆይ፣ ዘንድሮ ቤት ፍለጋ የሚወጣ ተማሪ ካለህ ይህን ሁሉ ዛሬውኑ ንገረው። ደላላው ከሆነ የሚነግረው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ነው።