የቋንጣ ጣጣ፣ የአዋዜ አበሳ

«ቋንጣ ቤትህ ብትሠራው በርካሽ ይወጣልሃል» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ፣ በዕድሜው አንዲት ዝልዝል ገመድ ላይ ሰቅሎ አያውቅም ማለት ነው። ዝም ብላችሁ እለፉት።

ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ምን ቸገረው? 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጦ ብርዱ ሥጋ ያቆይለታል። አንኮበር ያለውም ጉሙ ልብስ እንኳ ስለማያደርቅለት፣ ፀሐይን ተስፋ ቆርጦ ከምድጃው በላይ ይሰቅልና ይገላገላል። እኛ አሊዩ አምባዎች ግን ከአንኮበር ቁልቁል ወርደን የደጋውንም የቆላውንም ጣጣ ወርሰናል። ሙቀቱ ሥጋውን ሳይደርቅ ሊያገማው ይቸኩላል፤ ከላይ የሚወርደው ደመና ደግሞ ገመዱ እስኪሞላ ጠብቆ ከች ይላል። ፍሪጅ የገዛውም ቢሆን መብራት ሲሄድ ያው ቁም ሣጥን ነው የገዛው።

አረፋ በ2015 ሰኔ 21 ዋለች። በ2016 ሰኔ 9። የሰኔን ሰማይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት የተሰጣው ከሰዓት በሩጫ ይሰበሰባል፣ ማታ ደግሞ «አውጡት፣ ይታፈናል» ይባላል። በ2017 ግንቦት 29 ስትሆን አልሐምዱሊላህ አልን። በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ገደማ ወደ በጋው እየተጠጋችልን ነው፤ ቋንጣ የሚሰቅል ሰው ከዚህ የተሻለ የምሥራች አይሰማም።

ለመሆኑ በዓል ሲደርስ የሰፈሩ ቢላዋ ሁሉ የሚደነዝዘው ለምንድን ነው? ሞረዱ ደግሞ ሁልጊዜ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤትም ለሌላ ጎረቤት አውሶታል። በደነዘዘ ቢላዋ የተዘለዘለ ሥጋ አንዱ ጋ ይሳሳል፣ አንዱ ጋ ይወፍራል። የሳሳው ተበጥሶ አመድ ላይ ይወድቃል። የወፈረው ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ያ ነው እንግዳ ፊት ሽታውን የሚለቀው። ጮማውም ተለቅሞ መውጣት አለበት፣ ሲቆይ ጣዕሙ ይበላሻልና። ግን ጮማ ሲጣል ዝም ብሎ የሚያይ ሽማግሌ ያለበት ቤት አሳዩኝ።

ከዚያ ጨው፣ በርበሬና ቁንዶ በርበሬ ይታሻል። ጨውን በተመለከተ እንኳ ኩራት ነበረን። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የአሳል ሐይቅ ጨው ከታጁራ በኩል በግመል ተጭኖ የሚራገፈው እዚሁ ነበር፤ በ1842 እ.ኤ.አ. እዚህ የከረመው እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ስለዚሁ መንገድና ስለ ገበያችን በሁለት ቅጽ ጽፏል። የዚያ ገበያ ልጆች ዛሬ ሱቅ ደጃፍ ቆመን በአንድ ከረጢት ጨው እንከራከራለን።

ጭሱ ደግሞ አለ። ማድ ቤት ሰቅሎ ማጨስ ዝንብ ያባርራል ይባላል፤ እኔ እስካሁን ሲያባርር ያየሁት ሰው ነው። እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ወይራው ውድ ነው፣ ዓይን ይቀላል፣ ድመቷ ግን ንቅንቅ አትልም። ከድመቷ የሚብሱት ልጆች ናቸው፤ በቁመታቸው ልክ ያለው ገመድ ሁልጊዜ ባዶ ነው። የተረፈውን ፀሐይ ትወስደዋለች። ቀይ ሥጋ ከአራት እጅ ሦስቱ ውሃ ስለሆነ፣ ያን ሁሉ ተሸክማችሁ የገባችሁት መጨረሻ ላይ አንድ እፍኝ ሆኖ እንስራ ውስጥ ይገባል። ይኼን ጊዜ ነው «ቋንጣችሁ ደረሰ ወይ?» የሚል ዘመድ በር የሚያንኳኳው።

ሠርተን ከምንቃጠል ገዝተን እንብላ እንዳንል፣ የምግብ ቤቱን ቋንጣ ፍርፍር ታውቁታላችሁ። እንጀራ በቀይ ወጥ ተፈርፍሮ ይመጣል፤ ቋንጣዋን በጣት እየገለጣችሁ ትፈልጓታላችሁ። ስትገኝም የጥርስ ሐኪም ዋጋ ይዛ ነው።

የአዋዜው ለብቻው ነው። በርበሬ ሻጭ ሁሉ «የማረቆ ነው፣ ወላሂ» ይላል፤ ማረቆ ይኼን ሁሉ በርበሬ የት አብቅሎት ነው? የተፈጨ እንዳንገዛ ደግሞ የሸክላ አፈር ይቀላቀልበታል ሲባል እየሰማን ነው። ስለዚህ ዛላውን ገዝቶ መቀንጠስ፣ ማስጣት፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ወቅጦ ማሳደር፣ እንደገና ማስጣት፣ ኮረሪማውንና አዝሙዱን ማመስ። በጉ ሲታረድ የማይታየው ዘመድ ሁሉ በርበሬ ሲታመስ ሲያስነጥስ ይሰማል።

ይኼ ሁሉ አልፎ ወፍጮ ቤት ሲደረስ መብራት የለም። መብራት ሲኖር ወረፋ አለ። ወረፋው ሲደርስ ባለ ወፍጮው «በርበሬ ዛሬ አንፈጭም፣ የሰው ጤፍ ያቃጥልብናል» ይላል። እውነቱን ነው፤ ባለፈው የኛ ዱቄት ከሰው ሽሮ ጋር ተጋብቶ መጥቷል። ግን እኮ ቀኑን አስቀድሞ መንገር ይቻል ነበር።

በመጨረሻ አዋዜው ይበጠበጣል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በጠጅ ወይም በአረቄ ያለዝቡታል፣ እኛ በውሃና በዘይት። ይኼን ሁሉ አይቶ የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ «አጎቴ፣ ባርቤኪው ሶስ ብንሠራስ? ኬቸፕ፣ ስኳርና ኮምጣጤ ብቻ ነው» አለኝ። ሥጋ ላይ ስኳር! አሜሪካ ያለችው እህቱ ደግሞ የኛን ቋንጣ ናፍቃ ከምድጃዋ በላይ ብትሰቅል የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ሕንፃውን ሙሉ አስወጣው አሉ። እዚያም አላረፉ፣ እዚህም አላረፍን።

እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ቋንጣ ያለ ጣጣ አይደርስም፤ ለዝናቡም ለዝንቡም አቤት የሚባልበት የለም። የሰውን ሥራ ግን ሰው ያስተካክለዋል። ባለ ወፍጮዎች፣ እባካችሁ ከሳምንቱ አንዷን ቀን ለበርበሬ ለዩልንና በር ላይ ጻፉት። መብራት የምታጠፉም ከማጥፋታችሁ በፊት ንገሩን። ሞረዴን የወሰድከው ጎረቤት ደግሞ ራስህን ታውቃለህ፤ ለአረፋ መልስልኝ።