ዳገት የሚወጣ ዕጩ

እኛ አገር ሴናተርን በምርጫ መገዳደር ታይቶ አይታወቅም። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የቆመው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት (ሴኔት) አባላቱን የሚሾሙለት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። መራጩ አንድ ስለሆነ ቅስቀሳውም ቀላል ነበር፤ እጅ መንሳት ይበቃል።

የዛሬው ተፎካካሪ ግን እግር ያስፈልገዋል። የካ ላይ የሚወዳደር የአንድ ትንሽ ፓርቲ ዕጩ እንበል፤ መኪና የለው፣ ድምፅ ማጉያ የለው፣ በራሪ ወረቀቱን ታቅፎ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ይላል። ጭራሮ የተሸከሙ እናት ቁልቁል ይመጣሉ።

«እማማ፣ ይምረጡኝ!»

«እሺ ልጄ፣ መጀመሪያ ሸክሙን አውርድልኝ።»

አወረደላቸው፤ ወረቀትም ሰጣቸው። «ተባረክ! ለእሳት ማያያዣ ይሆነኛል» አሉት።

ማታ ቤት ለቤት ሲዞር መብራት ጠፋ። ደስ አለው፤ የገዢው ፓርቲ የምርጫ ምልክት አምፖል ነዋ! ችግሩ፣ በጨለማ የእሱም ፎቶ አይታይም።

ታሪክ ግን ያጽናናዋል። በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች ጠቅልለው ወሰዱ። በ2002 አንድ ብቻ ቀረቻቸው፤ ግርማ ሰይፉ ፓርላማ ገብተው አምስት ዓመት ብቻቸውን ተቃወሙ። በ2007 ደግሞ እሷም አልተገኘችም።

ከ23 ወደ 1፣ ከ1 ወደ ባዶ። እንጦጦ እንኳ እንዲህ ቁልቁል አይወርድም።