አምስተኛው መታወቂያዬ

«አባባ፣ አንተ የየትኛው የምርጫ ክልል ነዋሪ ነህ?» አለኝ የልጅ ልጄ፣ የቤት ሥራውን ይዞ። ይህ ቁርስ ላልበላ ሽማግሌ የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም። በልቼ ስጨርስ ከአልጋዬ ሥር የብስኩት ቆርቆሮዬን ጎትቼ አወጣሁ።

ውስጡ አራት የቀበሌ መታወቂያ አለ። አራቱም ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ፀጉሬ እየተመናመነ ከመሄዱ በቀር። ቤቱም ያው የካዛንቺሱ ቤቴ ነው። አድራሻው ግን ለየቅል! በደርግ ጊዜ የወጣው «ከፍተኛ» ይላል። ኢሕአዴግ ሲገባ ከፍተኛው ወረዳ ተባለ፣ ከበላዩም ዞን ተጫነበት። በ1995 ከተማይቱ በ10 ክፍለ ከተማ ስትሸነሸን ቂርቆስ ተባልን። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቀበሌው ራሱ ወረዳ ሆነ። ከዚያ ወዲህ እኔ «ወረዳ» ስል የድሮውን ነው፣ ጸሐፊዋ የምትሰማው የአሁኑን ነው፤ መደማመጥ ቀረ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ከግቢዬ አንዲት ምሰሶ አላነቃነቅሁም።

የማይለወጠው መለወጥ የነበረበት ነው፤ የምርጫ ክልሉ። አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበር አላት፤ የምርጫ ክልሎቿ ቁጥር ግን እስከ 28 ይሄዳል። ቁጥሩ የተወረሰው ከሞቱት 28 ወረዳዎች ነው፤ እንዲበቃ ሲባል አንዳንዶቹን አጋቧቸው። 12/13 ይሁን፣ በቁጥር ጎረቤት ናቸው። 2/14ን ግን ማን ሽማግሌ ተልኮ ነው ያጋባቸው?

ሕገ መንግሥቱ ሕዝብ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር፣ የምርጫ ክልሉም በቆጠራው ይወሰን ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ነበር፤ ያኔ 2,739,551 ነበርን። ለ23 ስታካፍለው ለአንድ ወንበር 119 ሺህ ሰው ገደማ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ከተማው ወደ ዳር ዳር ፈሰሰ፣ ኮንዶሚኒየሙ እንደ እንጉዳይ ፈላ፤ ወንበሩ ግን ያው 23 ነው። እኔንም ከዚያ ወዲህ የቆጠረኝ የለም። ባለቤቴ ክኒኔን ትቆጥራለች፣ እሱም ተጨማሪ እንዳልወስድ ነው።

ስለ ተመራጮቹማ አታንሱብኝ። መጀመሪያ ድምፅ የሰጠሁት በ1961፣ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ እንደራሴ ሊሆን የሚሻ በሚወከልበት አገር 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ ተንቀሳቃሽ ንብረት ይኑረው ይባል ነበር። ድሃን ያገለለ ሕግ ነው፣ አልወደውም። ሆኖም የሰውዬው በር የት እንደሆነ ይታወቅ ነበር። በ1979 ሸንጎ መጣ፣ ዕጩ የሚያቀርበውም ኢሠፓ ሆነ። ሸንጎው 835 መቀመጫ ነበረው፤ በቴሌቪዥን ሲታይ ብፈልግ ባፈላልግ የኔን ሰውዬ ሳላገኘው ዜናው አለቀ።

ከዚያ ወዲያ የመረጥነው ሰው ሳይሆን ሥዕል ነው፦ ንብ፣ ሁለት ጣት፣ አምፖል። ግንቦት 7 ቀን 1997 ገና ሳይነጋ ሰልፍ ያዝኩ። ቅንጅት 23ቱንም ወንበር ጠራርጎ ወሰደ። በዕድሜዬ አንዴ ካሸናፊ ጋር ቆምኩ፤ የመረጥኩትን ሰው ግን ወንበሩ ላይ ሳላየው ቀረሁ። በ2002 ተገልብጦ ከ23ቱ 22ቱ የኢሕአዴግ ሆነ። የተረፈችውን አንዷን አቶ ግርማ ሰይፉ ይዘው 547 ወንበር ባለው ምክር ቤት ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ሰው ሆነው አምስት ዓመት ተቀመጡ። እግዜር ያሳያችሁ! እኔ በገዛ ቤቴ ብቻዬን ተቃዋሚ ሆኜ አንዲት ምሽት እንኳ አልዘልቅም። በ2007 እሷም አንዷ ቀረች።

አሁን ቤቱም የለም። ሰፈሩ ፈረሰና አያት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወጣን። እዚህ ለሚ ኩራ ይባላል፤ በ2013 ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ የተሠራ 11ኛ ክፍለ ከተማ ነው፤ ሲወለድ የራሱን ወንበር ይዞ አልተወለደም። አምስተኛ መታወቂያ ላወጣ ሄድኩ።

«አባባ፣ መሸኛ ያምጡ» አለችኝ ልጅቱ።

«ከየት?»

«ከነበሩበት ወረዳ ነዋ።»

የነበርኩበት ሄድኩ፤ ቢሮው ራሱ ተነስቷል። መሸኛ የሚያስፈልገው ለእሱ ነበር። ለመራጭነት ደግሞ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር ያሻል፤ መታወቂያው እስኪወጣ ስድስቱ ወር ባያልፍ ምን አለ በሉኝ።

ማንም ያላካለለው እድራችን ብቻ ነው። አባሉ አያት፣ ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱ ተበትኖ በየወሩ መጨረሻ እሁድ በሁለት ታክሲ ካዛንቺስ ይመለሳል፤ የዘገየም ይቀጣል። ባለፈው ወር ገንዘብ ያዥ ስንመርጥ እኔም ተወዳደርኩ፤ በሦስት ድምፅ ተሸነፍኩ። የጀሞዎቹ ወዳጆቼ ታክሲ አጥተው ዘግይተው ኖሯል። በማግስቱ ለዳኛው ማመልከቻ ጻፍኩ፦ ጀሞ ወደ ካዛንቺስ ይጠጋልኝ።