እኔስ መቅረት ፈልጌ ነበር

መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት አባላት ኒው ዮርክ ተሰብስበው ስለ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አጸደቁ። ኢንተርኔት ያላገኘው 2.6 ቢሊዮን ሕዝብ ይገባል፣ ማንም ወደኋላ አይቀርም ይላል። የልጅ ልጄ እዚህ መቱ ቡና እያፈላች ከስልኳ ስታነብልኝ፣ «መቅረት የሚፈልግ ሰውስ የት ያመለክታል?» አልኳት። «አካኮ ደግሞ!» ብላ ሳቀች። ምን አለባት፣ የእሷን ስልክ በጣት ዳበስ ሲያደርጉት ይታዘዛል።

በስንት ቋንቋ ተጻፈ ብዬ ጠየቅኩ። የድርጅቱ ቋንቋ ስድስት ነው፦ ዓረብኛ፣ ቻይንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ሩሲያኛና ስፓኒሽ። ኦሮምኛ የለበትም፣ አማርኛም የለበትም። ሠርግ ተጠርቶ ከአጥር ውጭ ሆኖ ዘፈን እንደማዳመጥ ነው።

የኢሉባቦር ሽማግሌ «ዓለም ተስማማ» ሲባል የሚጠራጠረው ወዶ አይደለም። በ1928 ጃንሆይ ከአገር ሲወጡ መንግሥት የተቀመጠው እዚህ አጠገባችን ጎሬ ነው፤ መጀመሪያ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ፣ ኋላም ራስ እምሩ። ሰኔ 23 ቀን ጃንሆይ ጄኔቫ ቆመው ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ሲሉ፣ ጎሬ በዚያ ዝናቧ ውስጥ መልስ ትጠብቅ ነበር። የመጣው መልስ በጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ መነሣቱ ነው። በታኅሣሥ 1929 ራስ እምሩ ጎጀብ ዳር እጃቸውን ሰጡ። ነፍሱን ይማረውና አባቴ፣ ጄኔቫ የሚል ስም በተነሣ ቁጥር ትፍ ይል ነበር።

አሁን ደግሞ ፋይዳ መጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ ባለ 12 አሃዝ መታወቂያ። የሥርዓቱ መሠረት ባንጋሎር የተሠራው ሞሲፕ ነው፤ ህንዶቹ ለፈለገ አገር ሁሉ በነፃ ሰጥተውታል። የዓለም ባንክም 350 ሚሊዮን ዶላር መድቦለታል። ትብብር ይኸው፣ አልጠላሁትም። ብቻ አሥር ጣት አምጣ ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ቡና ሲለቅምና ሲመነጥር የኖረ ጣት አሻራ ከየት ያመጣል? መዝጋቢው ልጅ ጣቴን በጨርቅ ጠረገ፣ መስታወቱንም ጠረገ፤ «አባባ፣ ጫን ያድርጉት» አለኝ። ጫንኩ። «ቀስ ብለው።» ቀስ አልኩ። ማሽኑ ዝም። ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ ይመክረኝ ጀመር፤ አንዷ ቅባት ተቀባ አለች፣ ሌላው ታጠብ አለ። በኋላ ሞራ የተገፈፈለት ዓይኔ ደረሰልኝና ከሰው ተቆጠርኩ።

የቴሌብርን ውለታም አልክድም። ከግንቦት 2013 ወዲህ ልጄ ከአዲስ አበባ የሚልከው ብር አውቶብስ ሳይሳፈር፣ በሰው እጅ ሳይጎድል ይደርሰኛል። ያስቸገረኝ የምስጢር ቁጥር የሚሉት ነው። ጆሮዬ ከብዷልና የልጅ ልጄ ገበያ መሐል ጮኻ ታስታውሰኛለች። በርበሬ ሻጯ ታውቀዋለች፤ አንድ ቀን ስሳሳት እሷ አርማኛለች። አገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች፤ እንግዲህ በእኔ ጉዳይ የሚከሰሰው ማን ይሆን? የልጅቷ ጉሮሮ ነው ወይስ የእኔ ጆሮ?

ስብሰባው እንደሆነ እኛም ዘንድ መጥቷል። በኅዳር 2015 ዓለም ስለ ኢንተርኔት አስተዳደር ሊመክር አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ያኔ ትግራይ ውስጥ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስለ ውኃ ለመምከር የደረቀ ጉድጓድ አጠገብ መቀመጥ የእንግዶቹ ጥፋት ነው አልልም፤ ቢሆንም ሻይ ዕረፍቱ ላይ ምን ብለው ይሆን እላለሁ።

ቀጥሎ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት አባላት አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሉትን እንዴት እንግዛው ብለው ዓለም የሚነጋገርበት መድረክ ወሰኑ። መጀመሪያ በፈረንጆቹ ሐምሌ 2026፣ ከዚያ በ2027 ኒው ዮርክ። የመጀመሪያው የት ነው አልኳት። ጄኔቫ! አባቴ እንኳን አልሰማ።

«በይ ጻፊላቸው» አልኳት የልጅ ልጄን። «ስለ ጣት ስትወስኑ ቡና ለቅሞ የሚያውቅ አንድ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ቢያንቀላፋም አትቀስቅሱት በይልኝ።» ጻፈች። «ማን ብዬ ልፈርምልዎ?» አለችኝ።

አሥራ ሁለቱን ቁጥር ጻፊ፤ ስሜንማ ማን ጠይቆ ያውቃል።