ብርማው ትጉህ አንባቢ

በወልቂጤ የክረምቱ ርጥበት ወደ ጭቃው ግድግዳ ሰርጎ፣ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈው አሮጌ ጋዜጣ መላቀቅ በጀመረ ጊዜ፣ ክንፍ የሌለው፣ ብርማ ቅርፊት የለበሰ፣ ከኋላው ሦስት ቀጫጭን ጭራዎች የሚጎትት ፍጥረት፣ መብራት ሲበራ እየተጥመለመለ ከስንጥቁ ሲገባ ያየ ሰው፣ በቤቱ ከእርሱ የሚበልጥ ትጉህ አንባቢ እንዳለ ይወቅ። ይህ ብል ከሊቃውንቱ ድርሳን ይልቅ የጥራዙን ሙጫ ያስበልጣል፤ በዚህስ ከብዙ የመጻሕፍት ባለቤቶች አይለይም። ያለ እህል ለወራት መቆየት ስለሚችል በጾም መነኮሳትን ቢፎካከርም፣ የሚፈስከው ግን በነጋዴው የዱቤ መዝገብ ላይ ነው፤ ተበዳሪዎችም ስለ ዕድሜው መርዘም አብዝተው ይጸልያሉ፤ ዕድሜውም ዓመታትን የሚሻገር ነውና ጸሎታቸው ከንቱ አይደለም።

ሊያስወግደው የሚሻ ቤቱን ያናፍስ፣ ስንጥቁን ይምረግ፣ መጻሕፍቱን ፀሓይ ያሳያቸው፤ የጠርሙስ ዕቃም በውጭ በኩል በወረቀት ጠቅልሎ ጥቂት ዱቄት ቢያኖርበት (ቡላውን ግን ለእንግዳ ያቆየው)፣ እንስሳው በሻካራው ወጥቶ ከገባ በኋላ ልሙጡን መውጣት ይሳነዋልና በማለዳ እስረኛ ሆኖ ይገኛል። ይህን ጥበብ ለመዝገብ ቤት ሹማምንት ማስተማር ግን አይገባም፤ ብሉ ከጠፋ፣ የጠፋውን ፋይል ሁሉ ማን በላው ሊሉ ነው?